መሪውን ለአባቴ ልስጣቸው?

የደረሰን ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ቀን ኤርፖርት እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ኡበር እነዳለሁ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። አባቴ ከአዲስ አበባ ከመጡ ሦስተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ከዚያ በፊት ለ14 ዓመት አልተያየንም። እናቴ ስታርፍ ወረቀቴ ስላላለቀ መሄድ አልቻልኩም። እዚሁ ሐዘን ተቀመጥኩ።

አባቴ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ። ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው ይዘው፣ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ አሰብ ሲመላለሱ ኖሩ። ከዚያ በኋላም እስከ ጡረታቸው የጂቡቲን መስመር ሠርተዋል። ልጅ ሆኜ አንድ ክረምት ጋቢና አስቀምጠው እስከ አዋሽ ወስደውኛል። እዚህ ግን ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ናቸው። ስወጣ ተኝተዋል፣ ስገባ ተኝተዋል።

እህቴ ሲያትል ናት። እንቁጣጣሽን እሷ ጋ እንዲያሳልፉ ተነጋግረን ቲኬት ልቆርጥ ስል፣ ለምን በመኪና አልወስዳቸውም የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ስነግራቸው ፊታቸው በራ። "እየተቀያየርን እንነዳለን" አሉኝ። መንጃ ፈቃዳቸውን ከሻንጣ አውጥተው አሳዩኝ። አምስተኛ ነው። ግን አሁን 71 ዓመታቸው ነው፤ ደም ግፊትና ስኳር አለባቸው፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ።

ባለቤቴ ስትሰማ ዝም አለች። ከሁለት ቀን በኋላ "ባሕር ዳርቻ ሁለት ቀን ውሰደን ስንልህ ሥራ አለብኝ ትላለህ፤ ይሄ ሦስት ሳምንት ከየት መጣ?" አለችኝ። እህቴ ደግሞ "ሽማግሌ ሰው ይዞ 3,000 ማይል? ልትገድላቸው ነው?" ብላ ጮኸችብኝ። መሪውን ብከለክላቸው ይከፋቸዋል። ብሰጣቸው እፈራለሁ። ሁሉንም ትቼ በአውሮፕላን ብልካቸው ደግሞ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል። ምን ይሻለኛል?

የሹፌር ልጅ፣ ከቨርጂኒያ

መልስ

ወንድሜ፣ ከመሪው ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳህ እሱ ይመስለኛል። ሃይዌይ ላይ አይሆንም። ሳውዝ ዳኮታና ሞንታና ውስጥ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 80 ማይል ይደርሳል፤ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ኤንትሬ ከነተሳቢው እንዲህ ሮጦ አያውቅም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ ድንገት ሊወርድበት ይችላል፤ ይህ መሪ ላይ እያሉ እንዲመጣባቸው አትፈልግም። በውጭ አገር መንጃ ፈቃድ የመንዳት ሕግም ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ከቨርጂኒያ ሲያትል ድረስ ደግሞ የምታቋርጡት ከአሥር በላይ ስቴት ነው። መኪናው የኪራይ ከሆነ፣ ውሉ ላይ ስሙ የሌለ ሰው ነድቶ አንድ ነገር ቢፈጠር ዕዳው አንተው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ይህን ሁሉ አንተም ሳታውቀው አትቀርም። የከበደህ እንዴት እንደምትነግራቸው ነው። "አርጅተዋል" የምትለዋን ቃል ከአፍህ አታውጣ። ልጆቹ ፊትም አትንገራቸው። አንድ ጠዋት ቡና ይዘህ አጠገባቸው ቁጭ በልና ስለ ወረቀቱ አውራቸው። ሰበብ አትፍጠር ታዲያ። አስቀድመህ ኢንሹራንስህ ጋ ደውል፤ የሚሉህን እንዳለ አቅርብላቸው። ወረቀቱ ያልተሟላ መኪና ኬላ ላይ ምን እንደሚገጥመው ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። "ልጄ ከለከለኝ" ሲባልና "ወረቀቱ አይፈቅድም" ሲባል ለአንድ ሹፌር ሰማይና ምድር ነው። እግረ መንገድህን ያ አምስተኛ መንጃ ፈቃድ መታደሱንም እይ። ከታደሰ፣ የቨርጂኒያ ሕግና ኢንሹራንስህም እሺ ካሉ፣ አንድ እሁድ በጠዋት ስኳራቸውን ለክተው በራስህ መኪና ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር ይበሉ። እኔ ብሆን ይህችን አልነፍጋቸውም።

ለረጅሙ ጉዞ ግን ጋቢና ውስጥ ሥራ ስጣቸው። የምር ሥራ። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት የጎማ ነፋስ፣ ዘይትና ውሃ የሚያዩት እሳቸው ይሁኑ። አንተ ስልክህን እየሰማህ ከነዳህ ለሳቸው የሚተርፍ ነገር የለም። ስለዚህ በትልቅ ፊደል የታተመ የወረቀት ካርታ፣ የራንድ ማክናሊን አትላስ፣ ግዛላቸው። ከዚያ አንዲት ነገር አሳያቸው። በአብዛኛው ስቴት የሃይዌይ መውጫ ቁጥር የሚቆጠረው በማይል ነው፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚዘረጋ መንገድ ላይ ቆጠራው የሚነሳው ከምዕራቡ ድንበር ነው። ወደ ምዕራብ ስትነዱ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ፣ ኢንተርስቴት 90 በሚባለው ሃይዌይ ላይ፣ ሱ ፎልስ ከተማ አጠገብ 396 የነበረው ቁጥር የዋዮሚንግ ድንበር ላይ ዜሮ ይገባል። የአፋርን በረሃ ኪሎ ሜትር እየቆጠሩ ያቋረጡ ሰው ይህቺን አንዴ ካወቋት በቃ፣ "ስንት ቀረን?" ብለህ የምትጠይቀው አንተ ትሆናለህ።

አሁን ወደ ባለቤትህ። አማከርካት ወይስ ነገርካት? ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት፤ የነገርካት ይመስላል። ሦስት ሳምንት ከየት መጣ ስትልህ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው የጠየቀችህ። ነሐሴ ሲያልቅ ትምህርት ይከፈታል። ልጆቹን ማን ያደርሳል? ማታ የምትነዳው ኡበር ሲቋረጥ የቤት ኪራዩ ከየት ይሞላል? አባትህን ሦስት ወር ሙሉ ቀን ቀን የሚያበላው፣ መድኃኒት የሚያስታውሰው ማን ነው? እሷ ከሆነች፣ የጉዞው ወሬ ከመነሳቱ በፊት ይህ ተቆጥሮላት ያውቃል?

ጉዞውን አስቀርላት አልልህም፤ እሷም ያን የጠየቀች አልመሰለኝም። ግን ሦስቱን ሳምንት ወደ ዘጠኝ ወይ አሥር ቀን አውርደው። እንዴት እንደሚቻል ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ። የባሕር ዳርቻውንም ከጉዞው በፊት አድርገው። ቨርጂኒያ ቢችም ሆነ ኦሽን ሲቲ በመኪና ቅርብ ነው። "ስመለስ እወስዳችኋለሁ" አትበላት፤ ይህን ደጋግማ ሰምታዋለች። ሆቴሉን ያዝና ቀኑን አሳያት፤ ያን ጊዜ ስለ ሲያትል ብታነሳ ይሰማሃል። አቅም ካለህ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ልጆቹን ይዛ በአውሮፕላን ትምጣ።

አንድ ከበድ ያለ ነገር ልጠይቅህ፤ አትቀየመኝ። ይህ ጉዞ ለማን ነው? እናትህን ሳትቀብር ቀረህ። ያ ቁጭት ቀላል አይደለም፣ በስደት ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። "ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል" ስትል ግን ስለ ሲያትል መንገድ ብቻ የምታወራ አልመሰለኝም። የናትህን ዕዳ አባትህ ላይ ልትከፍል ከሆነ የሚጎዱት እሳቸው ናቸው። ለምን መሰለህ? ይህ ጉዞ ላንተ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ያያሉ። እግራቸው አብጦ እንኳ "ደህና ነኝ፣ ንዳ" ይሉሃል። የኛ አባቶች ደከመኝ ማለት አይሆንላቸውም፤ ሹፌር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እሳቸው ራሳቸው ምን ማየት እንደሚፈልጉስ ጠይቀሃቸዋል? ደብዳቤህ ውስጥ የለም። ምናልባት ተራራም ፍል ውሃም አያምራቸው ይሆናል፤ የአሜሪካን ከባድ መኪና ሞተሩን ከፍቶ የሚያሳያቸው ሰው ይሆናል የሚፈልጉት።

ስለዚህ ምንም ሳትቆርጥ አንድ ቅዳሜ ሙከራ አድርጉ። ሼናንዶዋ ፓርክ ቅርብህ ነው። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ ተራራው ጫፍ ላይ 105 ማይል ይሄዳል፤ ከ35 ማይል በላይ አይነዳበትም፤ በየቦታው ማቆሚያ አለው። ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ግቡ። በየሁለት ሰዓቱ አቁምና አብራችሁ ተራመዱ፤ ረጅም ሰዓት መቀመጥ እግር ላይ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፣ ለዕድሜ ባለጸጋ ይበልጥ ያሰጋል። ስኳራቸው ስንት ሆኖ እንደዋለ ጻፍ። ሽንት ቤት ስንቴ እንደጠየቁ ልብ በል። ማታ እግራቸውን እይ። ከሁሉ በላይ ግን በማግስቱ ጠዋት ምን እንደሚሉ ስማ። "ቀጥሎ መቼ ነው?" ካሉ መልስህን አገኘህ። ዝም ካሉም አገኘኸው።

ሙከራው ደህና ከሆነ ሁለት መንገድ ይታየኛል። አንደኛው ሙሉውን መንዳት ነው፤ ከ2,700 ማይል በላይ ነው። በቀን 250 ማይል ብትሉ አሥራ አንድ ቀን መሪ ላይ ነህ፤ ያውም የትም ሳትቆሙ። እዚህ አገር ሰው የሚጭን ሳይሆን ዕቃ የሚጭን የሠለጠነ ሹፌር እንኳ ሕጉ በቀን ከ11 ሰዓት በላይ አያስነዳውም፤ አንተ ሽማግሌ ይዘህ ከአምስት ስድስት ሰዓት በላይ አትሞክር። ሁለተኛው ግማሹን መብረር ነው። ሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ ድረስ በአውሮፕላን ሄዳችሁ፣ እዚያ መኪና ተከራይታችሁ፣ ኢንተርስቴት 90ን ይዛችሁ ወደ 1,500 ማይል ትነዳላችሁ። ስድስት ቀን መንዳት፣ ሁለት ቀን የሎውስቶን ፓርክ፣ ከዚያ ሲያትል። ስትመለስ ትበራለህ። አንድ ከተማ ተከራይቶ ሌላ ከተማ መመለስ ተጨማሪ ያስከፍላል፤ ከመያዝህ በፊት የበርካታ አከራዮችን ዋጋ አወዳድር።

እኔ የማደላው ለሁለተኛው ነው፤ በዋናነት ለባለቤትህ ስል። ኦሃዮና ኢንዲያና ቢቀሩባችሁ ብዙ አይጎድልባችሁም። አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር ግን አለ። አይዋ ውስጥ፣ ኢንተርስቴት 80 ላይ፣ ዋልኮት የምትባል ቦታ፣ በዓለም ትልቁ ነኝ የሚል የከባድ መኪና ማረፊያ አለ። አይዋ 80 ይባላል። አጠገቡ የድሮ ከባድ መኪናዎች ሙዚየም አለው። አባትህ ከዚያ ግማሽ ቀን ሙሉ የሚወጡ አይመስለኝም። ሙሉውን መንዳት ከመረጣችሁ ከቺካጎ በኢንተርስቴት 80 ውጡና እዚያ ቁሙ፤ ከዚያ በኢንተርስቴት 29 ወደ ሱ ፎልስ ትወጣላችሁ።

ከሱ ፎልስ በኋላ ያለው መንገድ ለሳቸው የተሠራ ነው እላለሁ። ሚቼል ላይ ግድግዳው በየዓመቱ በበቆሎ እየተለበጠ የሚያጌጥ አዳራሽ አለ፤ በበቆሎ! ዎል የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ዛሬም ቡና በ5 ሳንቲም የሚሸጥ የታወቀ ቤት አለ። ቡናው ቡና ነው ብዬ አልምልም፤ በዚህ ዘመን በ5 ሳንቲም መጠጣታቸውን ግን አዲስ አበባ ገብተው ያወሩታል። የሎውስቶን ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,357 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል። ስለዚህ ከፍታው ለሳቸው እንግዳ አይደለም። ኦልድ ፌይዝፉል የሚባለው ፍል ውሃ በአማካይ በየ90 ደቂቃው ወደ ሰማይ ይፈናጠራል፤ ዙሪያውን መቀመጫ አለ፤ ተቀምጠው ይጠብቁ። ከእንጨቱ መራመጃ መውረድ ግን አይቻልም፤ ስሱ መሬት ተደርምሶ በፈላ ውሃ የሞቱ ሰዎች አሉ። ፓርኩ ውስጥ ስልክ አይሠራም ብለህ ተነሳ፤ ካርታውን አስቀድመህ አውርድ። ማረፊያ ቶሎ ያልቃል፤ ስትይዝ ምድር ቤት ጠይቅ። ዋዮሚንግና ሞንታና ላይ ነዳጅ ግማሽ ሲሆን ቅዳ።

የጤናውን ነገር ሐኪማቸው ይወስን። እዚህ ሐኪም ከሌላቸው ከጉዞው በፊት አንድ ቀን አስመርምራቸው። ሲያትልና ቨርጂኒያ የሦስት ሰዓት ልዩነት አላቸው፤ የኢንሱሊኑ ሰዓት እንዴት እንደሚሸጋሸግ ጠይቅ። ኢንሱሊን ቆሞ በሚሞቅ መኪና ውስጥ አይተውም፣ በረዶ ላይም አይተኛም፤ ማቀዝቀዣ ቦርሳ ይዘህ ባረፍክ ቁጥር ይዘኸው ውረድ። ስኳራቸው ድንገት ቢወርድ የሚቀምሱት ጁስና ከረሜላ ከእጃቸው አይራቅ። የእንግዳ የጤና ኢንሹራንስ ከሌላቸው ግዛ፤ ካላቸው ደግሞ ቀድሞ የነበረ በሽታን ይሸፍን እንደሆነ አንብብ፤ ብዙዎቹ እዚያ ላይ ይቆነጥጣሉ።

ወረቀትም አለ። አሜሪካ ውስጥ መቆየት የሚችሉት ቪዛቸው ላይ ባለው ቀን ሳይሆን አይ-94 በሚባለው የመግቢያ መዝገብ ላይ በተጻፈው ቀን ነው። ዛሬ ማታ ክፈተውና እይ። ፓስፖርቱና የታተመው አይ-94 ሁሌም ከሳቸው ጋር ይሁን፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው እንዲይዝ ሕጉ ያዛል። ከፈረንጆቹ 2026 ጀምሮ ደግሞ የሎውስቶንን ጨምሮ 11 ፓርኮች ከውጭ አገር በመጡ ጎብኚዎች ላይ በሰው 100 ዶላር ተጨማሪ ጥለዋል። በር ላይ እንዳትደነግጥ፣ ለሳቸው ምን እንደሚያስከፍል ከመነሳትህ በፊት የፓርኩን ገጽ ተመልከት።

ስንቁን አልረሳሁትም። ሱ ፎልስ የአበሻ ሰው አለ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ሲያትል እንጀራ አገኛለሁ ብለህ አትቁጠር። ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ ያዝ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ከሆነ መንገድ ላይ ያለው የተጠበሰ ድንች ብቻ ነው፤ ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ እሱ ምግብ አይደለም። ሽሮ በትንሽ ብረት ድስት የሆቴል ክፍል ውስጥ አትሥራ ብልህም እንደማትሰማኝ አውቃለሁ፤ ቢያንስ ኩሽና ያለው ክፍል ያዝ።

እህትህን ተዋት ትጩህ። እሷም እናቷን አጥታለች፤ የቀራት አባት ናቸው። "ምን ታውቂያለሽ" ብለህ ከመዝጋት ሥራ ስጣት። በየቀኑ ማታ በአንድ ሰዓት አባትሽን አናግሪ በላት፤ ያለህበት በስልኳ ይታያት። የስካይላይኑን ቅዳሜ ውጤትም ላክላት። የሐኪሙን መልስ ስታይ ድምጿ ዝቅ ይላል።

አንድ ነገር ግን አስምለህ ንገራት። የደረሳችሁ ቀን ሰው እንዳትጠራ። በግ ታርዶ፣ ሃያ ሰው ሳሎን ሞልቶ፣ "መንገድ እንዴት ነበር?" ሲባል አባትህ እስከ እኩለ ሌሊት እንደሚያወሩ አንተም ታውቃለህ። መጀመሪያ ይተኙ። እንግዳው በማግስቱ ይምጣ።